ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ተማሪዋ የማን ናት?

የሚድዋይፈሪ ተማሪ ለተግባር ልምምድ ወደ ሆስፒታል ስትላክ ከነጭ ጋዋኗ ቀጥሎ የማይለያት ሎግ ቡኳ ነው። ደብተሩ በሠንጠረዥ የተከፋፈለ ነው፤ ያየችው ወሊድ በአንድ ወገን፣ ያገዘችው በሌላው፣ ራሷ ያዋለደችው በሦስተኛው ይመዘገባል። ከየመስመሩ ጫፍ ፊርማ ይጠበቃል። የልምምዱ ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሠራተኞች የሚያርፉበት ክፍል በር ላይ ደብተር የያዙ ተማሪዎች ይሰለፋሉ። ፈራሚዋም ከሥራ ብዛት የተነሣ አንዳንዴ ዓይኗ ያላየውን ወሊድ ትፈርማለች።

ስለ ሚድዋይፈሪ የተግባር ትምህርት የሚነሣው ክርክር አብዛኛው ከዚህ ደብተር ዙሪያ አይርቅም። ተማሪዋ ስንት ወሊድ ያዘች? ማን ቆሞላት ያዘች? ምን ተማረችበት? ሦስቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው። በሥርዓተ ትምህርትም በጥናትም በብዛት የሚመለሰው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ለመቁጠር ይቀላልና። ይህ ዳሰሳ ጥያቄው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ ወገኖቹ እነማን እንደሆኑና ማስረጃቸው ምን ያህል እንደሚያስኬድ ይመለከታል። ዋና ማሳያው ኢትዮጵያ ናት፤ እ.ኤ.አ. ያልተባለበትም ዓመት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከአክስት እጅ ወደ ሆስፒታል

ማዋለድ ከትምህርት ቤት በፊት የነበረ ሙያ ነው። የልምድ አዋላጅ እጇን የምታፍታታው ከእናቷ ወይም ከአክስቷ ጎን ሆና ነበር። የሥነ ሰብ ተመራማሪዋ ብሪጊቴ ጆርዳን በሜክሲኮ የዩካታን ባሕረ ገብ መሬት በማያ አዋላጆች መካከል ያደረገችው ጥናት የዚህን ዓይነት ትምህርት አካሄድ በዝርዝር አሳይቷል። ልጅቷ በመጀመሪያ የምትላላክ፣ ዕቃ የምታቀብል፣ የሴቶቹን ወሬ የምትሰማ ናት፤ ከዚያ ራሷ ከወለደች በኋላ ወሊድ ላይ ትገኛለች፤ ቆይታም እርጉዝ ሆድ ማሸት ትለምዳለች፤ ቀስ በቀስም ሥራው ወደ እጇ ይገባል። አስተማሪ የሚባል ሰው የለም፤ ትምህርት ግን አለ።

ተመራማሪዎቹ ጂን ሌቭና ኤቲየን ዌንገር በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ጥናት ተንተርሰው፣ መማር ማለት ከሥራው ዳር ተነሥቶ ወደ መሐሉ መግባት ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ዛሬ ስለ ክሊኒካል ትምህርት የሚጽፍ ሁሉ የሚጠቅሰው ሐሳብ ነው። ያው መጽሐፍ ግን ተቃራኒውንም ይዟል፤ ይኸኛው ብዙ አይጠቀስም። በአሜሪካ ሱፐርማርኬት ሥጋ ቆራጭነት ሊማሩ የገቡ ወጣቶች መጠቅለያ ማሽን ላይ ስለተመደቡ አንጋፋዎቹ ሥጋውን ሲበልቱ ማየት እንኳ አልቻሉም ነበር። በሥራ ቦታ መገኘት ብቻውን አያስተምርም፤ የት እንዳቆሙህ ይወስነዋል። የደም ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ስታመላልስ የምትውለው የሦስተኛ ዓመት ተማሪም ጉዳይ እዚህ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ ዘመናዊ የአዋላጅ ትምህርት የሚጀምረው በሆስፒታል ግቢ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በእንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረው ነበር፤ በ1942 ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር አረፉ። በስማቸው የተሠራው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል (በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሆነው) በ1951 ሲከፈት ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ ከጤና መኮንኖች ጋር ለገጠር የሚሰማሩ የማኅበረሰብ ነርሶችን አወጣ። በ1959 ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ከአውስትራሊያ ወደ አዲስ አበባ የመጡት በዚያው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለመክፈት ነበር። ትምህርት ቤቱ 10 ያህል አዋላጆች ብቻ አሠልጥኖ ተዘጋ። ባልና ሚስቱ የሚታወቁበት የፊስቱላ ሆስፒታል በ1974 ተመሠረተ፤ እዚያ የሚታከመው ጉዳት ደግሞ በአብዛኛው ሠልጣኝ አዋላጅ ባልደረሰችበት በተራዘመ ምጥ የሚመጣ ነው። ዶክተር ካትሪን ወደ መጀመሪያው ዓላማቸው የተመለሱት በ2007 ነው፤ የሐምሊን የሚድዋይፎች ኮሌጅ የዚያን ዓመት ተከፈተ።

ከዚህ ታሪክ ለጉዳያችን የሚጠቅመው አንድ ነጥብ ነው። በድሮው አሠራር ተማሪዋ የሆስፒታሉ ሰው ነበረች። እዚያው ታድራለች፣ እዚያው ትሠራለች፣ የምታዛትም የምታስተምራትም ያቺው ሲስተር ናት። ትምህርቱ ወደ ዩኒቨርሲቲና ወደ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሲዛወር ተማሪዋ የኮሌጁ ሆነች፤ ማዋለጃ ክፍሉ ግን የሆስፒታሉ እንደሆነ ቀረ። ዝውውሩ ለሙያው ክብርን፣ ዲግሪንና ምርምርን አምጥቷል፤ ማንም ወደ ኋላ እንመለስ አይልም። የሁለቱ ስፌት ግን ዛሬም አልተገጠመም።

አርባ ወሊድ

በዓለም ላይ በብዛት የሚጠቀሰው ቁጥር 40 ነው። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1980 ባወጣው መመሪያ አንዲት የሚድዋይፍ ተማሪ ከመመረቋ በፊት ቢያንስ 40 ወሊድ ራሷ እንድትይዝ ደነገገ፤ ምጥ ላይ ያሉ እናቶች ካልተገኙ ወደ 30 ዝቅ ሊል ይችላል፣ በተጨማሪ 20 ወሊድ ላይ በንቃት ካገዘች። የ2005ቱ መመሪያም ይህንኑ ይዞ ቀጠለ፤ 100 የእርግዝና ክትትል ምርመራም ይጠይቃል። ዓለም አቀፉ የሚድዋይፎች ኮንፌዴሬሽን በ2010 ባወጣው የትምህርት መመዘኛ ግን የወሊድ ቁጥር ከመቁረጥ ይልቅ የጊዜ ድርሻን መረጠ፤ ከሥርዓተ ትምህርቱ ቢያንስ 40 ከመቶው ንድፈ ሐሳብ፣ ቢያንስ 50 ከመቶው ተግባር እንዲሆን። በቀጥታ ለሚገቡ ተማሪዎች ዝቅተኛው ዘመን 3 ዓመት፣ ነርስ ሆነው ለሚመጡ 18 ወር ነው።

የቁጥሩ ደጋፊዎች የሚሉት የሚናቅ አይደለም። ቁጥር ከሌለ ኮሌጆች ተማሪን ማዋለጃ ክፍል ሳያደርሱ ያስመርቃሉ፤ ቁጥር ቢያንስ ለተማሪዋ መከራከሪያ ይሆናታል። እጅ ደግሞ በድግግሞሽ ይፈታል። የልጅ ጭንቅላት ሲወጣ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለውን ቆዳ እንዴት መደገፍ እንዳለባት፣ እንግዴ ልጁ መላቀቁን የምታውቅበትን ምልክት በሁለትና በሦስት ወሊድ አትጨብጠውም።

ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ቁጥሩ በስምምነት የተቆረጠ እንጂ በሙከራ የተገኘ አይደለም ይላሉ፤ በዚህ ትክክል ናቸው። 39 የያዘች አትችልም፣ 40 የያዘች ትችላለች የሚያሰኝ ደረጃ የለም። ከዚህ የሚብሰው «ያዝኩ» የሚለው ቃል ራሱ ምን እንደሚሸፍን አለመታወቁ ነው። እናቲቱ ስትገባ የተቀበለች፣ ምጡን ሰዓት በሰዓት የተከታተለች፣ ያዋለደች፣ ከዚያም በኋላ ሁለት ሰዓት ደም መፍሰሱን የጠበቀች ተማሪ አንድ ወሊድ ትመዘግባለች። ጭንቅላቱ ብቅ ሲል ጓንት አጥልቃ ደርሳ ሕፃኑን የተቀበለችውም እንዲሁ አንድ። ሁለቱ በደብተሩ ላይ እኩል ናቸው።

በኢትዮጵያ ያለውን ሁኔታ ከሚያሳዩ ጥናቶች አንዱ በ2015 ቢ.ኤም.ሲ ሜዲካል ኤዱኬሽን በተባለው መጽሔት ታትሟል። ሊመረቁ የደረሱ 484 ተማሪዎች በተግባር ጣቢያዎች እየተዘዋወሩ ተፈትነው አማካይ ውጤታቸው ከ100 ወደ 52 ገደማ ሆነ። በሥልጠናቸው ዘመን 20 ወይም ከዚያ በላይ ወሊድ መያዛቸውን የተናገሩት ሲሶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከሁለቱ ቁጥሮች አስደንጋጩ የትኛው ነው የሚለው አከራካሪ ነው። የመጀመሪያው የሚለካው ብቃትን ነው፤ ሁለተኛው ዕድልን። አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ለማለት ግን ተማሪዎቹን ተከታትሎ የሚያይ ሌላ ዓይነት ጥናት ይጠይቃል፤ ብዙ አንባቢ ይህን ዘሎት ያልፋል።

ተማሪው በዛ፣ ወላዷ ግን ቤት ነበረች

የወሊድ ቁጥር ያነሰው ተማሪዎች ስለሰነፉ አይደለም። በ2011 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊድ በጤና ተቋም የተካሄደው 10ሩ ብቻ እንደነበር መዝግቧል። በ2016 ወደ 26፣ በ2019 አነስተኛው ጥናት ወደ 48 ከፍ አለ። የእናቶች ሞትም በ2000 ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 871 የነበረው በ2016 ወደ 412 ወርዷል። አገሪቱ ሚድዋይፍ ለማብዛት የተጣደፈችው ግን ወላዶቹ ወደ ጤና ተቋም ከመምጣታቸው በፊት ነው። ነርሶችን በአንድ ዓመት ተጨማሪ ሥልጠና የሚያሸጋግር የተፋጠነ ፕሮግራም ሳይቀር ተከፍቶ ነበር። ውሳኔው ስሕተት ነበር ለማለት አይቻልም፤ አዋላጅ የሌለበት ጤና ጣቢያ እናት አይስብም። ተማሪውና ወላዷ እስኪገናኙ ድረስ ባሉት ዓመታት የተመረቁት ግን ዋጋውን ከፍለዋል።

የዛሬው ችግር መልኩን ቀይሯል። ወላዶች በትላልቅ ሪፈራል ሆስፒታሎች ተጨናንቀዋል፤ ተማሪዎቹም እዚያው። አንድ አልጋ ዙሪያ ሬዚደንት፣ ኢንተርን፣ የጤና መኮንን ተማሪ፣ የመንግሥት ኮሌጅ ሚድዋይፍ፣ የግል ኮሌጅ ሚድዋይፍ ይቆማሉ፤ ተራ የሚይዘውም ብዙ ጊዜ የሕክምና ተማሪው ነው። በተጨማሪም ሪፈራል ሆስፒታል የሚመጣው በአብዛኛው የከበደው ምጥ ነው። ሚድዋይፍ በዋናነት የምትሠለጥነው ጤናማውን ወሊድ ጤናማ አድርጎ ለመጨረስ ነውና፣ ትምህርቷን የምታገኘው ጤናማው ወሊድ ከሚያንስበት ቦታ ነው ማለት ነው። ጤና ጣቢያ ላይ ሥራው ከሙያዋ ጋር ይገጥማል፤ ወሊዱ ግን በሳምንት ጥቂት ነው፣ ተቆጣጣሪም ከከተማ ወጥቶ አይመጣም። ሌሊት ድዩቲ ከቀን የተሻለ ያስተምራል የሚባለውም ከዚሁ ነው፤ ሰው ይቀንሳል፣ ለተማሪዋ ቦታ ይገኛል። ግን ደግሞ መምህር የማይኖረው ሌሊት ነው።

አሻንጉሊቱ እስከ የት ያደርሳል?

ወሊድ ካነሰ በአሻንጉሊት እናስተምር የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊቷ አዋላጅ አንጄሊክ ዱ ኩድሬ በ1759 ከንጉሥ ሉዊ 15ኛ ፈቃድ አግኝታ ከጨርቅና ከቆዳ የሠራችውን የማዋለጃ አካል ይዛ አገሩን እየዞረች የገጠር ሴቶችን አስተምራለች፤ ከሥራዎቿ የተረፈው አንዱ ዛሬም በሩዋን ከተማ ሙዚየም አለ። አሁን በየኮሌጁ ስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) የምናያት፣ አሠልጣኟ ሆዷ ላይ አስራ ደም የምታፈስባት «ማማ ናታሊ» የዚያች ልጅ ልጅ ናት።

በዚህ ረገድ ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ከታንዛንያ ነው፤ በሃይዶም ሉተራን ሆስፒታል። አየር መሳብ ያቃተውን ሕፃን የመርዳት የአንድ ቀን ሥልጠና ለሠራተኞች ተሰጠ። ከሥልጠናው በኋላ በአሻንጉሊቱ ላይ ያሳዩት ችሎታ ተሻሻለ፤ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ያለው አሠራር ግን አልተለወጠም። ውጤቱ በ2013 ታትሟል። ኋላ እዚያው ማዋለጃ ክፍል ውስጥ አጫጭር ልምምድ ደጋግሞ መስጠት ሲጀመር በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ቀነሰ። መሣሪያው ያው ነው፤ የተቀየረው ቦታውና ድግግሞሹ ነው።

ጥናቱ የተደረገው በሠራተኞች ላይ እንጂ በተማሪዎች ላይ አይደለም፤ ስለዚህ እንዳለ ወደ ኮሌጅ ማዞር አይቻልም። ቢሆንም ስኪል ላብ ሲመረቅ ሪባን እየቆረጡ ችግሩ ተፈታ ለሚሉ አስተዳዳሪዎች ጥሩ መልስ ነው። ላብራቶሪው ከማዋለጃ ክፍሉ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ቁልፉ ዓርብ ማታ ከሚሄድ ሰው ኪስ ውስጥ ከሆነ፣ አሻንጉሊቷ ከነፕላስቲኳ ትቀመጣለች። ደግሞም አሻንጉሊት አትጮኽም፤ ባሏ ውጭ አይጠብቅም፤ ምርመራውን እምቢ አትልም። የእጅ ሥራው ይለመድባታል፤ የሰው ሥራው አይለመድባትም።

ማን ያስተምር?

በፊንላንድ ሳሪኮስኪና ሌይኖ ኪልፒ በ2002 ያቀረቡት መለኪያ ተማሪዎች ስለ ልምምድ ቦታቸው ያላቸውን አስተያየት ለማጥናት በብዙ አገሮች ተተርጉሟል። ደጋግሞ የሚያወጣው ውጤት ከሁሉ ይበልጥ ተማሪዋ ከምትከታተላት ባለሙያ ጋር ያላት ግንኙነት ክብደት እንዳለው ነው። ስሟን የምታውቅ፣ ከሥራው በፊት የምታስረዳ፣ ከሥራው በኋላ «ምን አየሽ?» ብላ የምትጠይቅ አንዲት ሰው ካለች ሌላው ጉድለት ይቻላል። በዚህ ላይ የሚከራከር የለም ማለት ይቻላል። ክርክሩ የሚመጣው ያቺ ሰው ማን ትሁን ሲባል ነው።

ሦስት መልሶች አሉ። አንደኛው የኮሌጁ መምህር ራሱ ወደ ክፍሉ ይውጣ ይላል። ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ መምህራን ተመርቀው በቀጥታ ማስተማር የጀመሩ ናቸው፣ በሆስፒታሉም እንግዳ ናቸው፤ ሰዓት ፈርመው የሚመለሱ አሉ። ሁለተኛው የክፍሉ ሚድዋይፍ ፕሪሴፕተር፣ ማለትም በሥራ ላይ ሆና የምታስተምር፣ ትሁን ይላል። ሥራውን የምታውቀው እሷ ናት። ነገር ግን ማንም ስለ ማስተማር አላሠለጠናትም፣ አበልም የላትም ወይም ዘግይቶ ይደርሳታል፣ ምጥ ላይ ያሉ አራት እናቶች አንድ ላይ ይዛ ነው የምታስተምረው። ሦስተኛው ሁለቱን ያጣምራል፤ አንድ ሰው በሁለቱም ተቋማት ተቀጥሮ ግማሽ ጊዜውን ያዋልድ፣ ግማሹን ያስተምር። በወረቀት ላይ ከሁሉም ያምራል። በተግባር ደመወዙን ማን ይክፈል፣ ዕድገቱን ማን ይስጥ፣ ሲያጠፋ ማን ይቅጣ የሚለው አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ተመራማሪዋ ካት ሜሊያ በ1987 ስለ ነርስ ተማሪዎች ያሳተመችው መጽሐፍ አሁንም ይጠቅማል። ተማሪዎቹ ሁለት ዓለም ውስጥ እንደሚኖሩ አሳየች፤ ትምህርት ቤቱ እንደ ባለሙያ እንዲያስቡ ይፈልጋል፣ ክፍሉ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅለት ይፈልጋል። ተማሪዎቹም ቶሎ የሚማሩት አንድ ነገር ነበር፤ ከክፍሉ ጋር ተስማምቶ መኖር። ብሪታንያ በዚያው አሥርት ዓመት ተማሪን ከሠራተኛ ቁጥር ውጭ የማድረግ ማሻሻያ አመጣች። የእኛዎቹ ተማሪዎች በስም ከቁጥር ውጭ ናቸው፤ ዕረፍት የወጣ ሠራተኛ ሲበዛ ግን ክፍሉ በእነሱ ይሸፈናል። ይህን ተማሪዎቹ ራሳቸው ሁልጊዜ አይጠሉትም። ሰው ያነሰበት ቀን የሚያምኗቸው ቀን ነው፤ ብዙዎች ከዚያ በላይ የተማርንበት ጊዜ የለም ይላሉ። ጉልበት መሆንና ተማሪ መሆን በእውኑ ዓለም የሚለያዩበት መስመር ቀጭን ነው። ሁለቱን ፈጽሞ እንለይ የሚለው ወገን የዩካታኗን ልጅ ረስቷል፤ ልዩነት የለውም የሚለው ደግሞ የሥጋ ቆራጮቹን።

በእኔ ግምት ኮሌጁ በሌለበት ይመዝናል፤ ሆስፒታሉ ባልተቀበለው ኃላፊነት ያስተምራል። የመግባቢያ ሰነድ በሁለቱ መካከል ይፈረማል፤ ሰነዱ ግን የተማሪ ቁጥርና የአገልግሎት ክፍያ እንጂ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደም የሚፈሳትን እናት ተማሪዋ ስትነካ ማን ከጎኗ እንደሚቆም አይናገርም። የተግባር ትምህርቱ ባለቤት የለውም። ቁጥሩም፣ ስኪል ላቡም፣ ሎግ ቡኩም ይህን ክፍተት ለመሸፈን የሚደረጉ ናቸው።

በእናቲቱ ገላ ላይ መማር

እስካሁን የተነሡት ወገኖች ተማሪ፣ መምህርና ሆስፒታል ናቸው። አራተኛዋ የምትታወሰው መጨረሻ ላይ ነው። ነጭ የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር»፣ «ሲስተር» እያለች የምትጠራው እናት ተማሪው የትኛው እንደሆነ አታውቅም። የማኅፀን በር ምን ያህል እንደተከፈተ ለማወቅ የሚደረገው ምርመራ በመመሪያ መሠረት በየ4 ሰዓቱ ይበቃል። ተማሪ በበዛበት ክፍል ግን ኢንተርኑ መርምሮ ሲሄድ ሚድዋይፏ፣ ከእሷ በኋላ ተማሪዋ፣ ከተማሪዋ በኋላ ጓደኛዋ። ለእያንዳንዳቸው የአንድ ጊዜ ትምህርት ነው፤ ለእናቲቱ የአራት ጊዜ ሥቃይ፣ የኢንፌክሽን አደጋም ጭምር።

በአክብሮት ስለመዋለድ የሚደረገው ዓለም አቀፍ ውይይት የተጠናከረው ከ2010 በኋላ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2014 መግለጫ አውጥቷል። በኢትዮጵያ ከተደረጉት ውስጥ በ2017 የታተመው የደብረ ማርቆስ ጥናት ለእኛ ጉዳይ ቅርብ ነው፤ ወላዶችን ብቻ ሳይሆን ሚድዋይፎችንና የሚድዋይፈሪ ተማሪዎችንም አነጋግሯል። በሁለቱም ወገን ስድብ፣ አካላዊ ጥቃትና ፈቃድ ያልተጠየቀበት አገልግሎት እንዳለ ተነገረ። ባለሙያዎቹ በአብዛኛው ሳይታሰብ፣ ወይ ከሥርዓቱ ድክመት ወይ ለሕክምና ሲባል የሚደረግ ነው አሉ። ስለ ምስጢር መጠበቅና ስለ ፈቃድ ዕውቀቱ አላቸው፤ በተግባር እንዴት እንደሚደረግ ግን ያሠለጠናቸው የለም።

«ለሕክምና ሲባል» የምትለዋ ምክንያት ጠንከር ብላ መታየት ይገባታል። ጭንቅላቱ ወጥቶ እናቲቱ እግሯን ስትገጥም ጭኗን በጥፊ የምትመታ ሚድዋይፍ ልጁን አዳንኩት ትላለች፤ ልጁም ተወልዷል። ከጎኗ የቆመችው ተማሪ ያየችው ጥፊውንና ውጤቱን አንድ ላይ ነው። ክፍል ውስጥ የተሰጣትን የሥነ ምግባር ኮርስ ፈተና ታልፈዋለች፤ የምትይዘው ግን ያየችውን ነው። በዚህ ላይ ሁለት አመለካከት አለ። አንዱ ተማሪዎች ክፉ ልማዱን የሚወርሱ ናቸው ይላል። ሌላው ክፋቱ ገና የሚጎረብጣቸው እነሱ ስለሆኑ የለውጡ መግቢያ እነሱ ናቸው ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለያየው ጊዜው ነው። የመጀመሪያው ወር የሚያስለቅሳት ነገር በስድስተኛው ወር ልማድ ይሆናል፤ መቼ እንደሚለወጥ ተከታትሎ ያጠና ሥራ ቢኖር ለሥርዓተ ትምህርት ቀረጻ ከብዙ መጠይቅ ይጠቅም ነበር።

የቋንቋም ጉዳይ አለ፤ በእኛ አገር ከባድ ነው። ተማሪ በምደባ ከአገር ጫፍ ወደ ጫፍ ስለሚላክ፣ የአፋን ኦሮሞ ወይም የሶማሊኛ ተናጋሪ እናት ፊት «ተንፍሺ»፣ «አትግፊ» ማለት የማይችል ተማሪ ይቆማል። በምልክት ፈቃድ መጠየቅ አይቻልም። ወንድ ተማሪዎችም የራሳቸው ጥያቄ አላቸው፤ በኢትዮጵያ የወንድ ሚድዋይፎች ድርሻ ከብዙ አገሮች ይበልጣል፣ በአንዳንድ አካባቢ ግን ወንድ አያዋልደኝም የምትል እናት አለች፤ መብቷ ነው። የተማሪው ሎግ ቡክ በዚህ ምክንያት ቢጎድል ማን ይሙላለት?

አንዲትን እናት እስከ መጨረሻው

ከእነዚህ ችግሮች ለብዙዎቹ በአንድ ጊዜ መልስ አለኝ የሚለው ሐሳብ የመጣው በዋናነት ከአውስትራሊያ ነው። ተማሪዋ ለጥቂት ሰዓታት የምታያቸውን ብዙ እናቶች ትታ፣ ጥቂቶቹን ከእርግዝና እስከ ድኅረ ወሊድ ትከተላለች። እናቲቱ ታውቃታለች፤ ፈቃዱ እውነተኛ ፈቃድ ነው። የሚፈለገው ቁጥር መጀመሪያ 30 እናቶች ነበር፤ ወደ 20፣ ኋላም ወደ 10 ወረደ። የወረደው ሐሳቡ ስላልሠራ ሳይሆን ተማሪዎቹ ሌሊት ስልክ እየጠበቁ፣ ክፍል እየቀሩ ስለተቸገሩ ነው። በእኛ ሁኔታ ለሐሳቡ የሚቀርበው ሐምሊን ኮሌጅ ነው፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ተማሪዎቹን ከገጠር መልምሎ ሲመረቁ ወደመጡበት አካባቢ ጤና ጣቢያ ይመልሳቸዋል፤ ተከታታይነቱ በተማሪነት ሳይሆን በሥራ ዘመን ይመጣል። ይህንን በአነስተኛ ኮሌጅ ማድረግ ይቻላል። በሺህ የሚቆጠር ተማሪ በሚቀበል የመንግሥት ሥርዓት ይቻል እንደሆነ ገና አልተፈተነም።

ፈተናው የሚለካውና ክፍሉ የሚሠራው

የምዘናው ጉዳይ አጭር ነው፤ ግን ያስቸግራል። በ1990 ጆርጅ ሚለር ያቀረበው ደረጃ ማወቅን፣ እንዴት እንደሆነ ማወቅን፣ ማሳየትንና መሥራትን ይለያል። የዲፕሎማ ተመራቂዎች የሙያ ብቃት ምዘና (ሲ.ኦ.ሲ) ይፈተናሉ፤ ለዲግሪ ተማሪዎች ደግሞ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በአገር ደረጃ ተጀመረ፤ በኮምፒውተር ምርጫ የሚጠየቅ ነው። ይህ የታችኞቹን ሁለት ደረጃዎች ይለካል። ጣቢያ በጣቢያ የሚሰጠው የተግባር ፈተና ሦስተኛውን ይነካል። አራተኛውን፣ ማለትም እውነተኛ እናት ላይ ያለ ተመልካች የምትሠራውን፣ የሚለካ የለም። ኮሌጆችም ውጤታቸው በመውጫ ፈተና የማለፍ መጠን ስለሚነገር በመጨረሻው ዓመት ተማሪን ከክፍሉ ይልቅ ለጥናት መልቀቅ ይቀናቸዋል።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። ፊልፖትና ካስል በ1972 በያኔዋ ሮዴዢያ ካወጡት ጀምሮ የተማሪ ሁሉ መለያ የነበረው የምጥ መከታተያ ቅጽ፣ ፓርቶግራፍ፣ ተተኪ አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2020 ባወጣው የምጥ ክትትል መመሪያ ንቁ ምጥ የሚጀምረው የማኅፀን በር 4 ሳይሆን 5 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ነው፤ በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር የሚለው መስመር ቀርቷል፤ ከእናቲቱ አጠገብ የሚቆም ሰው መኖሩ፣ ውኃ መጠጣቷ፣ የሕመም ማስታገሻ ማግኘቷም በቅጹ ላይ ይመዘገባል። አገሮች ይህን ወደ ራሳቸው ሰነድ የሚያስገቡት በየፍጥነታቸው ነው። የድሮው ቅጽ እንኳ በብዙ ቦታ ከወሊድ በኋላ ከትውስታ እንደሚሞላ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ስለዚህ ተማሪዋ ክፍል ውስጥ 5 ብላ ተምራ ስትመጣ፣ ፕሪሴፕተሯ በ4 የሠለጠነች፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ደግሞ የድሮው ሆኖ ልታገኘው ትችላለች። በ4 ሴንቲ ሜትር የገባችው እናት ከአራት ሰዓት በኋላ 5 ላይ ስትሆን አንደኛዋ ምጡ ዘገየ ብላ ምጥ የሚያፋጥነውን ኦክሲቶሲን ታዛለች፤ ሌላዋ ገና መጀመሩ ነው ትላለች። በክፍሉ አዲሱን ዕውቀት የያዘችው ከሁሉ ትንሽ ሥልጣን ያላት ናት፤ ፊርማውን የምትሰጣት ደግሞ ያቺው ፕሪሴፕተር። ተማሪዋ እንዲህ ሲገጥማት ምን ማለት እንዳለባትና ለማን እንደምትናገር የሚያዝ መመሪያ ከኮሌጁም ከሆስፒታሉም አይሰጣትም።